ቨርዥኑን ማን መረጠው?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ የጃቫ ፕሮጀክት ከፍቶ ያየ ሰው «ሊብ» የሚባል ፎልደር አያጣም። ውስጡ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጇቸው፣ በሙያው አጠራር «ጃር» የሚባሉ የኮድ ጥቅሎች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ጃር ስሙ ላይ የቨርዥን ቁጥር ተጽፎበታል፤ ብዙው ግን ቁጥር የለውም። ከየት እንደወረደና ለምን እንደገባ የሚያውቀው ያስገባው ሰው ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል።

አሠራሩ ዛሬ ሲያዩት የተዝረከረከ ይመስላል። ነገር ግን በፎልደሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ጃር በሰው እጅ የገባ ነበር። አንድ ሰው ፈልጎት፣ አውርዶት፣ አስቀምጦታል። የዛሬው ፕሮግራመር ሦስት ወይም አራት ላይብረሪዎችን በስም ጠቅሶ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ ኮምፒውተሩ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ጃሮች ይወርዳሉ። ሦስቱን አራቱን እሱ መረጣቸው፤ የቀሩትን ማን መረጣቸው? ይህ ጥያቄ ሶፍትዌር መገንቢያ መሣሪያዎችን ላለፉት ሃያ ዓመታት ሲያወዛግብ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት ሌላ ላይብረሪ ሲፈልግ ያ ላይብረሪ የፕሮግራሙ ዲፔንደንሲ ይባላል። ላይብረሪውም በበኩሉ ሌላ ላይብረሪ ይፈልጋል፣ ያኛውም ሌላ። ፕሮግራመሩ በስም ሳይጠራቸው በሌሎች በኩል የሚመጡት ተሸጋጋሪ ዲፔንደንሲዎች ናቸው። በአማራ ገጠር ልጅ ሊድሩ ያሰቡ ቤተሰቦች ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥራሉ፤ ላይብረሪ የሚመርጥ ፕሮግራመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቤት አያልፍም።

ከሜክ እስከ አንት

የመገንቢያ መሣሪያዎች ታሪክ የሚጀምረው በአንድ የተበሳጨ ሰው ነው። በ1976 በአሜሪካው ቤል ላብስ ውስጥ ስቲቭ ጆንሰን የተባለው ባለሙያ ወደ ሥራ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ እየተራገመ ገባ። ስህተት የሌለበትን ፕሮግራም ስህተቱን ሲፈልግ ጠዋቱ አልቆበታል። ስህተቱን አስቀድሞ አርሞት ነበር፤ የታረመውን ፋይል ግን መልሶ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ መቀየር፣ ረስቷል። ፌልድማን በዚያው ቅዳሜና እሁድ «ሜክ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ሜክ የትኛው ፋይል ከየትኛው ፋይል እንደሚሠራ ይነገረዋል፤ ከዚያ የተነካውንና በእሱ ምክንያት መታደስ ያለበትን ብቻ ለይቶ ይገነባል።

ፌልድማን ለዚህ ሥራው በ2003 ኤሲኤም የተባለውን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት ተቀብሏል። ሜክ የሚያውቀው ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ፋይሎች ነው። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ላይብረሪን ፈልጎ አያመጣም፤ ያ የፕሮግራመሩ ድርሻ ነበር።

ጃቫ ሲመጣ የሜክን ቦታ የወሰደው አንት ነው። የሰን ማይክሮሲስተምስ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ደንካን ዴቪድሰን ቶምካት የተባለው ሰርቨር በየዓይነቱ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር እንዲገነባ ብሎ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በ2000 ራሱን የቻለ መሣሪያ ሆኖ ወጣ። አንት ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ በኤክስኤምኤል ይጻፍለታል። ጃሮችን በሚመለከት ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ የትኛው ፎልደር ውስጥ ናቸው? ስለዚህ የአንት ዘመን የሊብ ፎልደር ዘመን ሆነ።

ከጃቫ መንደር ውጭ ግን ሌላ ልማድ ቀድሞ ተጀምሯል። የፐርል ቋንቋ ተጠቃሚዎች ከ1995 ጀምሮ ሲፓን የተባለ የጋራ ማከማቻ ነበራቸው። ዴቢያን የተሰኘው የሊኑክስ ማኅበር ደግሞ በ1999 ባወጣው እትሙ አፕት የተባለውን መሣሪያ አቀረበ። ተጠቃሚው አንድ ፕሮግራም ሲጠይቅ አፕት ለዚያ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን፣ ለሚያስፈልገውም የሚያስፈልገውን ሁሉ ተከታትሎ ያወርዳል። ይህ ያለ ብዙ ችግር የሚሠራበት ምክንያት ነበረው። በአንድ የዴቢያን እትም ውስጥ አንድ ላይብረሪ በአብዛኛው በአንድ ቨርዥን ብቻ ይገኛል፤ ያንን ቨርዥን የሚመርጡትም፣ ከሌሎቹ ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጡትም በስም የሚታወቁ የማኅበሩ ጠባቂዎች ናቸው። ምርጫው ከተጠቃሚው እጅ ቢወጣም ከሰው እጅ አልወጣም።

ሜቨን ሁለት

ሜቨን የተወለደው በአፓቺ ፋውንዴሽን ውስጥ፣ ተርባይን ከሚባለው ፕሮጀክት ነው። ተርባይን በርካታ ትንንሽ ፕሮጀክቶችን የያዘ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ የአንት ፋይል ነበረው፤ ፋይሎቹ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጃሮቹም ሲቪኤስ በተባለው የኮድ ማኅደር ውስጥ በየፕሮጀክቱ ተገልብጠው ተቀምጠዋል። ጄሰን ቫን ዚል የተባለው ካናዳዊ ፕሮግራመርና ባልደረቦቹ ይህን ግልባጭ ለማስቀረት ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጃር ሙሉ አድራሻ እንዲኖረው አደረጉ፦ የአዘጋጁ ቡድን ስም፣ የጃሩ ስም፣ የቨርዥን ቁጥር። ሁለተኛ፣ ጃሮቹ ሁሉ በአንድ የጋራ ማከማቻ እንዲቀመጡ አደረጉ። ማከማቻው ለብዙ ጊዜ ያረፈው በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው አይቢብሊዮ ሰርቨር ላይ ነበር።

በሐምሌ 2004 የወጣው የመጀመሪያው ሜቨን ግን ያመጣው ግማሹን ለውጥ ነው። ጃሮቹን ያወርዳል፤ የሚያወርደው ግን በስም የተዘረዘሩትን ብቻ ነው። አንድ ላይብረሪ አምስት ሌሎችን የሚፈልግ ከሆነ ፕሮግራመሩ አምስቱንም አንድ በአንድ መጻፍ ነበረበት። የጎደለ ካለ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሳለ ሲወድቅ ነው።

በጥቅምት 2005 ሜቨን ሁለት ወጣ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ላይብረሪ ወደ ማከማቻው ሲገባ «ፖም» የሚባል የራሱን መግለጫ ይዞ ይገባል፤ መግለጫው ላይብረሪው የሚፈልጋቸውን ሌሎች ከነቨርዥናቸው ይዘረዝራል። ሜቨን የመጀመሪያውን ፖም ያነባል፣ እዚያ የተጠቀሱትን ፖሞች ያነባል፣ የእነዚያንም ያነባል፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በዚያው ሰሞን ዣቪየር ሃኒን የተባለው ፈረንሳዊ የጀመረው አይቪ ይህንኑ ሥራ ለአንት ተጠቃሚዎች አቅርቧል።

ፕሮግራመሮች በአንድ ጊዜ ከብዙ ድካም ተገላገሉ። ቀልዱም ወዲያው ተከተለ፦ ሜቨን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ኢንተርኔቱን በሙሉ ያወርዳል ተባለ። ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ በሆነበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ለዚህም ነው ሜቨን ያወረደውን ሁሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ በአንድ ስውር ፎልደር ማስቀመጡና፣ ከተፈለገ ያለ ኢንተርኔት በዚያ ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ መቻሉ ትልቅ ቁም ነገር የሆነው።

ቅርብ ያለው ያሸንፋል

ሜቨን ሁለት አንድ ከባድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። የክፍያ ፕሮግራም የሚጽፍ ቡድን ሁለት ላይብረሪዎች ያስፈልጉታል እንበል፤ አንዱ ደረሰኝ የሚያትም፣ አንዱ ከባንክ ጋር የሚገናኝ። ሁለቱም ቀንና ሰዓት የሚያሰላ ሦስተኛ ላይብረሪ ይጠቀማሉ። ደረሰኝ አታሚው ቨርዥን 1 ይፈልጋል፤ የባንኩ ላይብረሪ ደግሞ በሌላ ላይብረሪ በኩል አዙሮ ቨርዥን 2 ይፈልጋል። ጃቫ አንድ ስም ያለው ክላስ (የኮድ ክፍል) ሁለት ቦታ ሲያገኝ በተለመደው አሠራሩ መጀመሪያ ያገኘውን ወስዶ ሌላውን ይተወዋል። ስለዚህ ከሁለቱ ቨርዥኖች አንዱ መመረጥ አለበት። ሥዕሉ ሲሣል ከላይ አንድ፣ መሐል ሁለት፣ ከታች አንድ ነጥብ ስለሚሆን ባለሙያዎች የአልማዝ ችግር ይሉታል።

ሜቨን የመረጠው ሕግ ቀላል ነው፦ ለፕሮግራሙ ቅርብ ያለው ያሸንፋል። በምሳሌያችን ወደ ቨርዥን 1 የሚወስደው መንገድ ሁለት እርምጃ ነው፤ ወደ ቨርዥን 2 የሚወስደው ሦስት። ስለዚህ ቨርዥን 1 ይገባል፣ ቨርዥን 2 ይቀራል። የትኛው አዲስ ነው፣ የትኛው ከሁለቱም ጋር ይሠራል የሚለው አይጠየቅም። ሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ቢሆኑስ? እስከ ሜቨን 2.0.8 ድረስ የትኛው እንደሚያሸንፍ የተወሰነ ነገር አልነበረም። በ2008 ከወጣው 2.0.9 ጀምሮ ግን በፖሙ ላይ አስቀድሞ የተጻፈው እንዲያሸንፍ ተደነገገ። ይህ ማለት ሁለት መስመሮችን ቦታ ማቀያየር ብቻ የፕሮግራሙን ይዘት ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው።

ከሕጉ በስተጀርባ ምክንያት አልታጣም። ቅርብ ያለውን መምረጥ ለፕሮግራመሩ ሥልጣን ይሰጣል፤ የማይስማማው ቨርዥን ከመጣበት ራሱ ፖሙ ላይ የፈለገውን ይጽፋል፣ ከእሱ የሚቀርብ ስለማይኖር የእሱ ያሸንፋል። ሕጉ ፈጣንም ነው። ለሁሉም የሚስማማ የቨርዥን ስብስብ መፈለግ ከኮምፒውተር ሳይንስ አስቸጋሪ ጥያቄዎች አንዱ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሮቤርቶ ዲ ኮስሞ የተሳተፈበት የአውሮፓ የምርምር ቡድን ኤዶስ የሊኑክስ ጥቅሎችን መርምሮ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ጥያቄው ኤንፒ-ኮምፕሊት ከሚባሉት ወገን መሆኑን አረጋግጧል። በቀላል አነጋገር፣ ለማንኛውም ስብስብ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚመልስ ዘዴ አይታወቅም። ሜቨን ጥያቄውን አልፈታውም፤ አለፈው። «አይስማሙም» ብሎ ከማቆም ይልቅ በተለመደው አሠራሩ አንዱን ይመርጣል፣ ግንባታውም ይሳካል።

ችግሩ የሚወጣው በኋላ ነው። ኮምፓይል ሲደረግ ሁሉም ሰላም ነው፤ ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ወጥቶ አንድ ተጠቃሚ አንድ ቁልፍ ሲጫን «እንዲህ ያለ ሜተድ የለም» የሚል ስህተት ይመጣል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ሁሉ ታዋቂው ምሳሌ ጉዋቫ ነው። ጉዋቫ ጉግል ለጃቫ ያዘጋጀው፣ በብዙ ሺህ ፕሮጀክቶች ውስጥ የገባ የመሠረታዊ መገልገያዎች ላይብረሪ ነው። ትልልቅ የመረጃ ክምችቶችን ለማቀናበር የሚያገለግለው ሃዱፕ በሁለተኛው ትውልዱ በ2012 ከወጣው ጉዋቫ 11.0.2 ጋር ለዓመታት ተጣብቆ ቆየ። ጉዋቫ ግን ይታደሳል፤ አዘጋጆቹም የሙከራ ምልክት ያደረጉባቸውን ክፍሎች በየጊዜው ይለውጣሉ፣ ይሠርዛሉ። ቨርዥን 17 ላይ ሰዓት የሚለካው «ስቶፕዎች» የተባለ ክላስ ከውጭ በቀጥታ እንዳይፈጠር ሲደረግ፣ ከሃዱፕ ጋር የሚሠራውን ኤችቤዝን ከአዲስ ጉዋቫ ጋር ያዋሉ ፕሮግራሞች ወደቁ። አሮጌውን ያደረገ አዲሱን የሚፈልገውን ሰበረ፤ አዲሱን ያደረገ አሮጌውን።

መላው አስቀያሚ ነበር፤ ግን ሠራ። «ሼድ» በተባለው የሜቨን ፕለጊን ላይብረሪው ከነኮዱ ተገልብጦ፣ የክላሶቹ ስም ተለውጦ በሌላው ላይብረሪ ሆድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጉዋቫ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሳይተያዩ ይኖራሉ። ሃዱፕም በመጨረሻ ጉዋቫን በዚህ መንገድ ወደ ራሱ ጃር አስገባው። የተዋጠው ላይብረሪ ግን ከዲፔንደንሲ ዝርዝር ላይ ይጠፋል። ይህ በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ያልተፈለገን ላይብረሪ ማስወጣትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ኮመንስ ሎጊንግ የተባለውን የመዝገብ ላይብረሪ የጠላ ፕሮግራመር ብዙ ነበር፤ ስፕሪንግን የመሰሉ ዝነኛ ፍሬምወርኮች ግን ይዘውት ይመጣሉ። ሜቨን አንድን ላይብረሪ ከመላው ፕሮጀክት በአንድ ትእዛዝ ማገድ አይችልም፤ ላይብረሪው በሚመጣበት በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ለየብቻ መከልከል ያስፈልጋል። አንዳንዶች አቋራጭ አገኙ። ቨርዥኑ 99 የሆነ፣ ውስጡ ምንም የሌለበት ባዶ የኮመንስ ሎጊንግ ጃር ሠርተው ፖማቸው ላይ ጻፉት። ቅርብ ያለው ያሸንፋልና ባዶው ጃር እውነተኛውን አባረረው።

ሌሎች ሕጎች

ሌሎቹ መሣሪያዎች ለዚሁ ጥያቄ ሌላ ሌላ መልስ ሰጡ። ሃንስ ዶክተር የጀመረውና በሰኔ 2012 ቨርዥን 1.0 የደረሰው ግሬድል ከተጠየቁት መካከል ከፍተኛውን ቨርዥን ይወስዳል። በ2013 ጉግል ለአንድሮይድ መሥሪያ ሲመርጠው ይህ ሕግ በብዙ የስልክ አፕሊኬሽን ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ሕግ ሆነ። አዲሱ አሮጌው የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል የሚል እምነት አለበት፤ ጉዋቫ እንዳሳየው ግን እምነቱ ሁልጊዜ አይጸናም። ግሬድል በ2017 ሌላ መከላከያ ጨመረ። የላይብረሪ ጸሐፊ የሚጠቀምባቸውን ዲፔንደንሲዎች ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል፤ ለተጠቃሚው የሚታዩና ለውስጥ ሥራ ብቻ የሚያገለግሉ። የውስጦቹ የሌላ ሰው ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ አይታዩም፤ ስለዚህ ማንም ሳያውቀው በእነሱ ላይ መደገፍ አይችልም።

የጃቫስክሪፕት ዓለም ምርጫውን ራሱን አስቀረው። በ2010 የወጣው ኤንፒኤም ለእያንዳንዱ ላይብረሪ የፈለገውን ቨርዥን በራሱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥለት ነበር። ግጭት የለም፤ ግልባጭ ግን ተትረፈረፈ። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየገባ ሲሄድ የፋይሉ አድራሻ ዊንዶውስ ከሚፈቅደው 260 ፊደል ገደማ እያለፈ ያስቸግር ጀመር፤ በ2015 የወጣው ሦስተኛው ቨርዥን የሚቻለውን ያህል ወደ ላይ አውጥቶ ዘረጋቸው። በመጋቢት 2016 ደግሞ አንድ ፕሮግራመር ከኤንፒኤም ጋር በስም መብት ተጋጭቶ ሥራዎቹን ከማከማቻው አነሣ። ከእነሱ አንዱ፣ ሌፍት-ፓድ፣ 11 መስመር ነበረው፤ ሥራው የአንድን ጽሑፍ ግራ በባዶ ቦታ መሙላት ነው። በእሱ በኩል ባቤልን የመሰሉ ታላላቅ መሣሪያዎች መገንባት አቃታቸው፤ በእነዚያ የሚሠሩ ብዙዎችም ስለ ሌፍት-ፓድ የሰሙት ያን ቀን ነበር። የሜቨን ማከማቻ ከዚህ አደጋ የተጠበቀው በአንድ ጥብቅ ልማዱ ነው፦ አንዴ የወጣ ጃር አይለወጥም፣ አይነሣም።

የሩቢ ቋንቋ ሰዎች መፍትሔውን በጽሑፍ አደረጉት። በ2010 ቨርዥን 1.0 የወጣው «በንድለር» የተባለው መሣሪያቸው ምርጫውን አንድ ጊዜ ያደርጋል፤ ከዚያ ውጤቱን ከነተሸጋጋሪዎቹ በአንድ የቁልፍ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ፋይሉ ከኮዱ ጋር ስለሚቀመጥ ነገ የሚገነባው ሰውም የዛሬዎቹን ቨርዥኖች ያገኛል። ሐሳቡ ከዚያ ወደ ረስት ቋንቋ ካርጎ፣ ወደ ጃቫስክሪፕቱ ያርንና በ2017 ወደ ኤንፒኤም ተሻገረ።

ከሁሉም በተቃራኒ የሄደው የጎ ቋንቋ ነው። በ2018 ራስ ኮክስ የተባለው የጎ ቡድን መሪ ያቀረበው ዘዴ እያንዳንዱ ላይብረሪ የሚበቃውን ዝቅተኛ ቨርዥን እንዲናገር ይጠይቃል። መሣሪያው ከተነገሩት ዝቅተኛዎች ከፍተኛውን ይወስዳል፤ ትናንት ማታ የወጣ አዲስ ቨርዥን ቢኖር እንኳ በስም የጠራው ከሌለ አይገባም። ኮክስ የፈለገው ጥያቄውን ከአስቸጋሪዎቹ ወገን ማውጣት ነበር፤ ይህ ሕግ ያለ ብዙ ፍለጋ በቀጥታ መልስ ያገኛል።

በጉግል ውስጥ ደግሞ ጥያቄው በሌላ መንገድ ተዘግቶ ነበር። የኩባንያው ኮድ በአንድ ግዙፍ ማኅደር ውስጥ ይኖራል፤ ከውጭ የመጣ ላይብረሪ የሚቀመጠው በአንድ በተወሰነ ፎልደር፣ በመርሕ ደረጃ በአንድ ቨርዥን ብቻ ነው። ማሻሻል የፈለገ ለሁሉም ያሻሽላል። ይህ የሊብ ፎልደር ነው፤ ልዩነቱ ጠባቂ ያለው መሆኑ። በ2015 ጉግል የውስጥ መገንቢያውን ቤዝል ብሎ ለሕዝብ ሲለቅ ይህ አስተሳሰብ አብሮት ወጣ፤ ቤዝልም ተሸጋጋሪዎችን በራሱ አይከታተልም ነበር። እንደ ጉግል ያለ ሠራዊት የሌላቸው ተጠቃሚዎች ግን ከበዳቸው። ቤዝል ኋላ ላይ ያመጣው የሞጁል ሥርዓት የቨርዥን ምርጫውን ዘዴ የወሰደው ከጎ ነው፤ በ2023 መጨረሻ በወጣው ቤዝል 7 ሥርዓቱ ነባሪ ሆነ።

የጃቫ ሰዎችም በበኩላቸው ወደ ዴቢያን ልማድ ተጠጉ። ሜቨን 2.0.9 አንድ ፕሮጀክት የቨርዥን ዝርዝርን ከሌላ ሰው እንዲዋስ ፈቅዶ ነበር። በሚያዝያ 2014 የወጣው ስፕሪንግ ቡት ይህን መንገድ ተጠቅሞ አብረው እንዲሠሩ የታሰቡ የበርካታ ላይብረሪዎችን ቨርዥን አንድ ላይ ዘርዝሮ አቀረበ። ፕሮግራመሩ የላይብረሪውን ስም ይጽፋል፤ ቁጥሩን የስፕሪንግ ቡድን ጽፎለታል። ተሸጋጋሪዎቹም በዚያው ዝርዝር ይገዛሉ። ብዙ የጃቫ ቡድኖች ከዚያ ወዲህ የአብዛኛውን ላይብረሪ ቨርዥን ቁጥር ራሳቸው አይጽፉም።

ታኅሣሥ 2021

ሎግፎርጄ ፕሮግራም ሲሠራ የሚሆነውን ሁሉ በመዝገብ ላይ የሚጽፍ የጃቫ ላይብረሪ ነው። ከ2013 ጀምሮ አንድ ብዙ ያልተወራለት ባሕርይ ነበረው። እንዲመዘግብ የተሰጠው ጽሑፍ የተወሰነ ቅርጽ ያለው ሐረግ ከያዘ፣ ሐረጉ ወደሚጠቁመው የሩቅ ሰርቨር ሄዶ ይጠይቃል፤ ከዚያ የመጣውንም ኮድ ሊያሠራ ይችላል። በኅዳር 2021 የአሊባባ ክላውድ የደኅንነት ቡድን ጉዳዩን ሎግፎርጄን ለሚያዘጋጀው ለአፓቺ አሳወቀ። በታኅሣሥ 9 እና 10 ዓለም ሰማ። ማይንክራፍት በሚባለው ጌም ውስጥ በመወያያ ሳጥኑ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ሰርቨሩን ለማዘዝ በቂ ሆኖ ተገኘ። ለአደጋው መጠን ከ10 ውስጥ 10 ተሰጠው።

በየድርጅቱ የተነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «እኛ ሎግፎርጄን እንጠቀማለን ወይ?» የሚል ነበር። በፖማቸው ላይ ስሙን ፈልገው ያጡት ቡድኖች ለጊዜው ተነፈሱ፤ እፎይታው ግን አልቆየም። የጉግል የኦፕን ሶርስ ቡድን በታኅሣሥ 16 የሜቨን ማከማቻን ቆጥሮ ከ35,000 የሚበልጡ የጃቫ ጥቅሎች፣ ከጠቅላላው ከ8 በመቶ በላይ፣ እንደተነኩ አስታወቀ። በኋላ ችግሩ በሎግፎርጄ አንድ ክፍል ብቻ መሆኑ ሲጣራ ቁጥሩ ከ17,000 በላይ፣ 4 በመቶ ገደማ ሆነ። ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረት የሳበው ጥልቀቱ ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ሎግፎርጄን በቀጥታ የጠሩት 7,000 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ80 በመቶ በሚበልጡት ጥቅሎች ውስጥ ላይብረሪው ከአንድ ደረጃ በታች ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው ደረጃ ላይ፣ አንዳንዴም እስከ ዘጠነኛው ድረስ።

ይህ ጥልቀት እርማቱን አዘገየው። አፓቺ የታረመውን ቨርዥን 2.15.0 በቶሎ አወጣ፤ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ባለመዘጋቱ 2.16.0፣ ቀጥሎ 2.17.0፣ በታኅሣሥ መጨረሻም 2.17.1 ተከተሉ። ነገር ግን የሜቨን ፖሞች የሚጠሩት በአብዛኛው አንድ የተወሰነ ቨርዥን ነው። አምስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ላይብረሪ ሲታረም፣ አራተኛው የታረመውን ጠርቶ አዲስ ቨርዥን ማውጣት አለበት፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው። ይህን ሰንሰለት መጠበቅ ያልቻለ ፕሮግራመር የቅርቡን ሕግ ወደ ራሱ አዞረው፤ የሎግፎርጄን አዲስ ቨርዥን በገዛ ፖሙ ላይ ጽፎ ከታች የሚመጡትን ሁሉ አሸነፈ። በ2005 ብዙ ያስወቀሰው ሕግ በዚያ ሳምንት ፈጣኑ መድኃኒት ሆነ።

መድኃኒቱ የማይደርስበት ቦታም ነበር። ሎግፎርጄ በሼድ ተውጦ በሌላ ጃር ሆድ ውስጥ ከተቀመጠ የሜቨን የዲፔንደንሲ ዛፍ አያሳየውም፤ የቨርዥን ቁጥሩን መለወጥም አይነካውም። እነዚያን ለማግኘት ጃሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ክላሶቹን የሚፈትሽ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አስፈለገ።

ከዚህ ወዲህ ጉዳዩ ከፕሮግራመሮች ጠረጴዛ ወደ ሕግ አውጪዎች ተሻግሯል። አሜሪካ ሎግፎርጄ ሳይሰማ፣ በግንቦት 2021፣ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ቁጥር 14028 ለፌዴራል መንግሥት ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶች ሶፍትዌሩ የተሠራባቸውን ክፍሎች ዝርዝር የሚያቀርቡበት መንገድ እንዲዘጋጅ አዛ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ የሳይበር የመቋቋም አቅም ሕግ ያለውን ደንብ አውጥቶ በታኅሣሥ 2024 በሥራ ላይ አውሏል፤ ዋና ዋና ግዴታዎቹ የሚጀምሩት በታኅሣሥ 2027 ነው። ደንቡ ዲጂታል ምርት የሚያመርት ሁሉ በኮምፒውተር ሊነበብ የሚችል የክፍሎች ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። ስለ ጥልቀቱ ሲናገር ግን ዝርዝሩ ቢያንስ የመጀመሪያውን ደረጃ ዲፔንደንሲዎች እንዲይዝ ይጠይቃል። በጉግል ቆጠራ መሠረት ከሎግፎርጄ ተጠቂዎች አብዛኞቹ በዚህ ዝቅተኛ ልክ በተዘጋጀ ዝርዝር ላይ የላይብረሪውን ስም አያገኙትም ነበር።